ነሪ ወንዝ ውስጥ «ወደፊት» ሲባል

«ሲስተር ሞተ» አሉኝ አቶ ጴጥሮስ፣ የሱቄ ደፍ ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው።

አቶ ጴጥሮስ የአሪ ገበሬ ናቸው። አማርኛን የተማሩት ጎልምሰው ነውና በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ለእሳቸው ወንድ ነው። ላማቸው ወለደ፣ ሚስታቸው ተቆጣ፤ እኔም ዘነበች የምባለዋ ሴትዮ «አንተ» ነኝ። ባገኘኋቸው ቁጥር አርማቸዋለሁ፣ ባረምኳቸው ቁጥር ይስቃሉ። የዚያን ቀን ግን አላረምኳቸውም። የስፌት መኪናዬን መርገጥ አቆምኩ። «የትኛዋ ሲስተር?» ብዬም አልጠየቅሁም። ለእኔና ለአቶ ጴጥሮስ ሲስተር አንድ ናት።

«ማን ነገረዎት?»

«ከአዲስ አበባ የመጣ ነርስ። አርጅቶ ነበር አለኝ። ከተቀበረ ቆይቷል አለኝ።»

ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሁለታችንም የመኪናዬን መርገጫ አየን። እግሬ አሁንም እላዩ ላይ ነበር። ያንን እግር ወደዚያ የመለሰችው እሷ ናት።

ሲስተር አስካለ ጂንካ የመጣችው በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው፣ ያኔ ከብቶቹን ከሜዳው አባርረው በሚያሳርፉት አውሮፕላን። ትልቅ ሰውነት፣ ትልቅ ድምፅ፣ እግሮቹ በጥቁር ክር የታሰሩ መነጽር። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ ውሃው በሚሞቅ ገንዳ፣ የቆሰሉና የተሰበሩ ሰዎችን እየዘፈቀች መራመድ ታስተምር ነበር አሉ። እኛ ዘንድ ግን እንኳን ገንዳ፣ የጤና ጣቢያው ቧንቧ ራሱ እንደ ዓመት በዓል ቀኑን ጠብቆ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሰው ሁሉ በቅጣት ነው የተላከችው አለ። ኋላ ስንቀራረብ ይህንኑ ጠየቅኋት።

«ቅጣት ቢሆን ወንዝ ያለበት አገር ይልኩኝ ነበር?» አለችኝ።

እኔን ያገኘችኝ ተስፋ በቆረጥኩበት ሰሞን ነው። ለካኮ ገበያ የሰፋኋቸውን ቀሚሶች ሸጬ ስመለስ፣ በበቆሎ ጆንያ ላይ የተሳፈርንባት ሎሪ ጭቃ ላይ ተንሸራታ ተጋደመች። ሌላው ሰው ጭቃውን አራግፎ ተነሣ፤ የእኔ ቀኝ ጭን ተሰበረ። ጄሶ ታሰረልኝ፣ አጥንቱ ገጠመ፣ ጄሶው ወለቀ። ከውስጡ የወጣው እግር ግን የእኔን አይመስልም ነበር። እንደ ሸንበቆ ቀጥኗል፣ ጉልበቱም አልታጠፍ ብሏል። አልጋዬ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ ያስቀመጡብኝ ይመስለኝ ነበር። ልረግጠው ስል ሰውነቴ ሁሉ እምቢ ይላል።

የእኔ እንጀራ ደግሞ ያለው እግሬ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት ሥራ እጅ ብቻ የሚጠይቅ የሚመስለው ሰፍቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ እግር በስልት ካልረገጠ መርፌው አይወርድም። በግራዬ ብቻ ሞከርኩ፤ ስልቱ ጠፋኝ፣ መዘውሩ ወደ ኋላ እየዞረ ክሩን በጣጠሰው። ጎረቤቶቼ መኪናዋን ሽጠሽ ሳውላ ዘመዶችሽ ጋ ግቢ ይሉኝ ጀመር። ገዢም ተገኝቶላት ነበር። አንሶላ አለበስኳትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሲስተር አስካለ ያን ሰሞን ነው ማንም ሳይጠራት የገባችው። እኔን አላየችኝም። በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄዳ አንሶላውን ገለጠችው።

«ይህቺ የማን ናት?»

«የእኔ ነበረች።»

«‹ነበረች›ን ለሞተ ሰው አስቀምጪው» አለችና ከዚያ በኋላ እግሬ አጠገብ ተቀመጠች። ጉልበቴን በመዳፏ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሩቅ የሬዲዮ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው ብዙ ቆየች። «ነገ ወንዝ እንወርዳለን።»

«ሊያጥቡኝ ነው እንዴ?» አልኳት በንዴት።

«ላንሳፍፍሽ ነው።»

በማግስቱ በቃሬዛ አወረዱኝ። ነሪ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚታጠፍበት፣ ከትልቅ ሾላ ሥር ረጋ የሚልበት ቦታ አለ፤ ውሃው እዚያ ደረት ይደርሳል። ጠዋት ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ትጠብቃለች። እስከዚያ ድረስ በበርሜል ውሃ ታሞቅና አቡጀዲ እየነከረች ጉልበታችንን ትጠቀልላለች። «እርስዎ ውሃው ይወስደኛል ብለው አይፈሩም?» ብዬ ስጠይቃት ወደ ጫማዬ አመለከተችኝ።

«አንቱታሽን እዚያ ጫማሽ አጠገብ አስቀምጪው። ውሃ ውስጥ ይከብዳል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ ነው ያልኳት። አቶ ጴጥሮስን ደግሞ፣ ማንንም «አንተ» የሚሉትን፣ «ነገሩ አስቀድሞ የገባው እሱ ብቻ ነው» ትላቸው ነበር። እሳቸው ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ላይ ወጥተው ወድቀው ወገባቸው የተጎዳ ነበሩ። እየዋለ ሲያድር ሌሎችም ተጨመሩ። ሾላው ሥር የምንጠብቅ ሰዎች እንደ ዕድርተኛ ሆንን።

የመጀመሪያውን ቀን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። በጀርባዬ አስተኛችኝ፤ አንዱ መዳፏ ማጅራቴ ላይ ነው፣ ሌላው እጇ የትም የለም። «አንገትሽን ለእኔ፣ ሌላውን ለውሃው» አለችኝ። ጆሮዎቼ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ጂንካ ጠፋች። የሚሰማኝ ከታች የሚንከባለሉት ጠጠሮች ድምፅ ብቻ ነበር። ከላዬ ቅጠሉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ብርሃኑ ፊቴ ላይ ይወርዳል፣ ይነሣል። አንዲት ጉሬዛ ነጭ ጭራዋን ለቃ ቁልቁል ታየኛለች። እግሬን ፈለግሁት፣ የት እንዳለ ጠፋኝ። ከዚያ አደጋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አልከበደኝም። የማለቅስ መሆኔን ያወቅሁት ሲስተር «አልቅሺ፣ እዚህ ማንም አይለየውም» ስትለኝ ነው። ዛሬም አንዳንድ ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል አልጋዬ ይንሳፈፋል፤ ማጅራቴ ላይ መዳፍ አለ። ያንን ጊዜ በእርግጥ ኖሬው ይሆን ወይስ አልሜው ብዬ የምጠራጠርበት ቀን አለ።

አንድ ችግር ነበር። የሴቶቹ ቀሚስ ውሃ ሲገባ እንደ ጃንጥላ እየተነፋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከማዶ ልብስ የሚያጥቡት ደግሞ ይስቃሉ። ዳር ተቀምጬ በእጄ የየቀሚሱን ጠርዝ አጥፌ ጠጠር ሰፋሁበት። ሲስተር ጠርዙን አንሥታ መዝና አየችው።

«እጅሽ ሥራ ጀመረ» አለች። «እግርሽ አሁን ይቀናል።»

መራመድ ስንጀምር ያስኬደችን ወደ ኋላ ነው። ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ፊታችንን ወደ እሷ አድርገን፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ። «እግር ወደፊት ሲሄድ የሚፈራውን ያያል» ትል ነበር። «ወደ ኋላ ሲሄድ አያይም። ስለዚህ ትንሽ እናታልለው።» እውነትም ዳር ላይ በክራንች እንኳ እምቢ የሚለው እግሬ፣ ውሃ ውስጥ በጀርባው ሲመሩት እንደ ገራም በቅሎ ይሄድ ነበር። እሷም በዚያ ትልቅ ድምፅዋ «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ! ዘነበች፣ ወደ ኋላ!» እያለች ትጮሃለች። ድምፁ እስከ መንገዱ ይሰማል።

በዚያ ዘመን ምን እንደሚጮህ የሚያስታውስ ሰው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ይገባዋል። ግድግዳው «ወደፊት» ይላል፣ ሬዲዮው «ወደፊት» ይላል፣ ስብሰባ የሚዘጋው «ወደፊት» ተብሎ ነው። ሲስተር አስካለ ግን በጠራራ ፀሐይ ሕዝብ ወንዝ አውርዳ «ወደ ኋላ» ትላለች። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ መኮንን ዘንድ ወሬው ደረሰ፣ ስብሰባም ተጠራ። እኔም በክራንቼ እየተጎተትኩ ሄድኩ። ሕክምናው ቢታገድ መኪናዬን እንደምሸጣት አውቅ ነበር።

«ጓድ ሲስተር» አሉ ጓድ መኮንን ቆመው፣ «ሰፊው ሕዝብ ወደፊት እየገሠገሠ እርስዎ ወንዝ አውርደው ወደ ኋላ ያስኬዱታል። ይህ ምን ይባላል?»

ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፤ አድኃሪ ነው የሚባል። በዚያ ቃል ተጠርቶ ሄዶ ቤቱ ያልተመለሰ ሰው ነበር። ሲስተር መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችው።

«ጓድ መኮንን፣ ሾፌር አልነበሩም እንዴ?»

«ነበርኩ።»

«የቀይ አፈር መንገድ ላይ ሎሪዎን ጭቃ ሲይዘው ምን ያደርጉ ነበር?»

«ወደ ኋላ መለስ አደርገዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተንደርድሬ...» አሉና አቆሙ።

«የዘነበችን እግር ጭቃ ይዞታል» አለች ሲስተር።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ መኮንንም ከንፈራቸውን ሲነክሱ አየኋቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት ተሸንፈው መቀመጥ አይችሉም። ጠረጴዛውን መቱና ፈረዱ። «ሕክምናው ይቀጥል። ቃሉ ግን ተከልክሏል። በዚህ ቀበሌ ‹ወደ ኋላ› ተብሎ አይጮህም!»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«‹ወደፊት› ይበሉ!»

«እሺ» አለች ሲስተር አስካለ፣ በጣም ጨዋ ሆና። እኛ የሠጋነው ያን ጨዋነቷን ስናይ ነው።

በማግስቱ ሾላው ሥር በተለመደው ቦታችን ቆምን። ሲስተር ጉሮሮዋን ጠረገች። «ወደፊት!» ብላ ጮኸች፣ እጇን ግን ወደ ኋላ እያመለከተች። አቶ ጴጥሮስ ግራ ገብቷቸው ሁለት ጊዜ ዞሩ። ከዚያ ገባቸውና ውሃውን በመዳፋቸው እየመቱ ሳቁ። በእውነት ወደፊት መሄድ ስንፈልግስ ምን ልትዪ ነው አልናት። «ያኔ ‹ወደ ኋላ› እላለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በሹክሹክታ። የተከለከለው መጮህ ነው።» እንዲህ ሆኖ ቀረ። ነሪ ውስጥ ወደፊት ማለት ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ማለት ወደፊት ሆነ። አዲስ በሽተኛ ሲመጣ እስኪለምድ ድረስ ከእኛ ጋር ይጋጫል።

ነገሩ ወንዙ ውስጥ ቢቀር ደህና ነበር። ለአብዮት በዓል ከተማው ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ተሰልፎ ሳለ፣ ከመድረኩ «ወደፊት!» ሲባል ሕዝቡ ግራ እጁን አነሣ። እኛ የነሪ ሰዎች ደግሞ እጃችንን አንሥተን፣ ሳናስበው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድን። አቶ ጴጥሮስ ከኋላቸው የቆመውን ሚሊሺያ እግር ረገጡ። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ቀና ስል ጓድ መኮንን ከመድረኩ ላይ እኛን ያያሉ። ወዲያው ፊታቸውን ወደ ሰማይ አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲስተር አጠገቤ ቆማ፣ እጇን እንዳነሣች፣ «እግራችሁ ትምህርት ገብቶታል» አለች።

የእኔ እግር ግን ገና ነበር። በጀርባዬ ማንም አይቀድመኝም። በሹክሹክታ «ወደ ኋላ» ስትለኝ ግን እጇን ካልያዝኩ አንድ እርምጃ ወደፊት አልሄድም። መሬት ላይማ ክራንቼን ከለቀቅሁ የምሞት ይመስለኛል። ጎረቤቶቼ እንደገና ስለ ሳውላ ማውራት ጀመሩ። ሲስተርን «አይሆንልኝም፣ ይብቃሽ» ያልኳት ቀን ነው ያ ነገር የሆነው።

ላይ ተራራው ሲዘንብ ሰንብቶ፣ ውሃው ከጠራ በኋላ የወረድንበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ጎርፉ ከሥር አሸዋውን ቆፍሮ እንደ ሄደ አላወቅንም። ሲስተር ፊት ለፊቴ ሆና፣ ሁለት እጄን ይዛ፣ እሷ በጀርባዋ እየሄደች እኔን ትስበኛለች። በመሃል እጆቿ ከእጄ ወጡ። ሰጠመች። ያ ሁሉ ሰውነት እዚያው ፊቴ ጠፋ። መነጽሯ ከነክሩ ውሃው ላይ ወጣና አለፈኝ። ከዚያ ፊቷ ብቅ አለ፤ እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም።

«ዘነበች፣ ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!»

አሁን ሳስበው፣ ሽሺ ማለቷ ነበር። ጉድጓድ አለ፣ አትምጪ፣ ራስሽን አድኚ። እኔ ግን ያኔ አላሰብኩም። እግሬ ደግሞ ቋንቋውን ተምሮ ጨርሷል። ቀኝ እግሬ ተነሣ፣ ወደፊት ሄደ፣ የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተተከለ። ጎንበስ ብዬ የቀሚሷን ትከሻ ያዝኩ። የሰውነቷ ክብደት ሁሉ በዚያ እግር ላይ አረፈ። ጉልበቴ አልከዳኝም። አቶ ጴጥሮስ ደርሰው በሌላ በኩል እስኪይዟት ድረስ ቆምኩ።

ዳር አወጣናት። ውሃውን አስታውካ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ተጋደመች። መጀመሪያ የተናገረችው ቁጣ ነው።

«ወደ ኋላ አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል» አልኳት። «እኔም ሄድኩ።»

አየችኝ። ከዚያ እግሬን አየች። ክራንቼ ከሾላው ጋር ተደግፎ ወዲያ ቆሟል፤ እኔ ወዲህ ቆሜያለሁ። ቀድመው የጮኹት አቶ ጴጥሮስ ናቸው፤ እሷን በጣታቸው እያመለከቱ፣ ሌባ የያዙ ይመስል።

«ሲስተር! አንተ ዋና አትችልም!»

ዋሽታ አታውቅም፣ ያን ቀንም አልዋሸችም። ተነሥታ ተቀመጠች፣ ፀጉሯን ጨመቀች።

«አልችልም» አለች። «ውሃም እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራለሁ። ዋና የሚያውቅ ሰው ይዘናጋል። እኔ ስለምፈራ ነው የአንዳችሁንም አንገት ለቅቄ የማላውቀው።»

ያን ሁሉ ጊዜ፣ በየቀኑ፣ እየፈራች ነበር የምትገባው። እኔ ስንሳፈፍ፣ ቅጠሉ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ማጅራቴን የያዘው መዳፍ ይፈራ ነበር። ከዚያ ወዲህ አይሆንልኝም የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ከሰውም ሁሉ አብልጬ የወደድኳት ያን ዕለት ነው፣ ሳልነግራት ቀረሁ እንጂ።

መኪናዬ ላይ ተመልሼ ስቀመጥ መጀመሪያ የሰፋሁት የእሷን ቀሚስ ትከሻ ነው። ያን ዕለት ስስባት ጨርቁ እጄ ላይ ተቀደደ እንጂ ቀድሞ በመርፌ የሰፋሁላት ስፌት አልተረተረም ነበር፤ ይህንንም ለሁሉም ሰው እስኪሰለቻቸው አውርቻለሁ።

መንግሥት የተለወጠ ጊዜ እናቷ ታመዋል ተብላ ተጠራች። ልንሸኛት አውሮፕላን ሜዳው ዳር ተሰበሰብን፣ ገሚሱ በዱላ፣ ገሚሱ በእግሩ ብቻ። አዲሶቹ ታጣቂዎች ከወዲያ ቆመው ያዩናል። ጓድ መኮንን፣ አሁን አቶ መኮንን፣ ለብቻቸው ከአጥሩ ሥር ቆመዋል። ሲስተር አቅፋ ሳመችን፣ ሁላችንንም በጉልበታችን በኩል ቃኘችን፣ ከዚያ መሰላሉን ወጣች። በሩ ላይ ዞር አለች። ግራ እጇን እንደ ድሮው ወደ ላይ አነሣች።

«ወደፊት!»

ዓይናችንን ከእሷ ሳንነቅል አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄድን። ሰው ከቤተ መቅደስ ሲወጣ ጀርባውን እንደማይሰጥ፣ እንዲያ ሄድን። የማያውቀው ሰው ለአውሮፕላኑ ቦታ የለቀቅን መስሎታል። አጥሩ ጋ ስደርስ ጎኔን አየሁ። አቶ መኮንንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ቆመዋል፣ እንባቸው ይወርዳል።

አቶ ጴጥሮስ ሞቷን የነገሩኝ ቀን ለቅሶ የምንቀመጥበት ድንኳን አልነበረንም። መቃብሯም ሩቅ ነው። ስለዚህ ሱቁን ዘጋሁና ሁለታችን ነሪ ወረድን። ሾላው ተቆርጧል፣ ከታች መኪና ያጥባሉ። ጫማችንን ዳር አውልቀን እስከ ጉልበታችን ገባን። ውሃው ያው ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ፣ ጠጠሮቹም ሲንከባለሉ የሰማሁ መሰለኝ።

«ፈርቶ ነበር» አሉ አቶ ጴጥሮስ። «ሁልጊዜ። ግን ይገባ ነበር።»

«አዎ» አልኩ። «ይገባ ነበር።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እጄን ያዙኝ። ወደ ውሃው እያዩ ግራ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ፣ በደከመ ድምፅም «ወደፊት» አሉ። ፊታችንን ወደ ወንዙ እንዳደረግን፣ እየተደጋገፍን፣ በጀርባችን ከውሃው ወጣን።